ለእርቅ የተሸከምኩት ድንጋይ

ስድስት ወር ታስሬ ወጥቻለሁ። ወንጀሌ ሽማግሌ ገፍትሮ ክንድ መስበር ነው። ገፍትረሻቸዋል ወይ ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም፤ የጣቢያው መርማሪ ጠይቆኛል፣ ዐቃቤ ሕጓ ጠይቃኛለች፣ ዳኛው ጠይቀውኛል፣ ማረሚያ ቤት የገባሁ ቀን ከጎኔ የተኛችው ሴት ስሜን እንኳን ሳታውቅ እሱን ጠይቃኛለች። አንድ ሰው ብቻ አልጠየቀኝም። አባቴ። ከሁሉም ደግሞ እንዲጠይቀኝ የፈለግኩት እሱን ነበር።

ቤታችን የካ ነው፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አልቆ ቤት በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ። በጋውን ኑሯችን ደህና ነው። ክረምት ሲገባ ግን ተራራው ያለውን ውሃ ሁሉ፣ ቅጠሉንና ጠጠሩን ጨምሮ፣ በእኛ ሰፈር በኩል ይለቀዋል። በየአጥሩ ሥር ቦይ ተቆፍሯል፤ ሐምሌና ነሐሴን የሰፈሩ ሰው የሚጣላው በዚያ ቦይ ነው። ማን ዘጋው፣ ማን አጠፈው፣ ማን ወደ ማን ግቢ ለቀቀው። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ይታረቃል። የሚያስታርቀው አባቴ ነው።

አባቴ ዕድሜውን እንጦጦ ላይ ችግኝ ሲያፈላ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሽምግልናን ሥራዬ ብሎ ያዘው። ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ አከራይና ተከራይ ያስታርቃል፣ ከተራራው የሚወርዱትን በኦሮምኛ፣ የታቹን በአማርኛ ያስታርቃል። ገና ቁጭ እንዳለ የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።" ይህን ይልና ሥሩን ሳይነካው ያልፋል። የእሱ የእርቅ ሥርዓት አጭር ነው፤ ታናሽ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፣ ታላቅ ድንጋዩን ያወርድለታል፣ ይመረቃል፣ ይበላል። እሺ ማን ነው ያጠፋው ብሎ የሚሟገት ከተገኘ "ጥፋት መቁጠር ከጀመርን አዳም ጋ ሳንደርስ አናቆምም" ይላል። ሰው ይስቃል፣ ነገሩም ያልቃል። ልጅ ሆኜ ይህን ሳይ ከአባቴ የበለጠ ብልህ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ከላያችን ያሉት ጎረቤታችን፣ በዕድሜ ከአባቴ ጥቂት የሚያንሱ ሽማግሌ፣ ቦያቸውን በድንጋይ ዘግተው ውሃውን ወደ እኛ ግቢ አጠፉት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ገና መመለሴ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ ነበርኩ ማለቴ ነው። ወጥ ቤት ስገባ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ የሽንኩርት ቅርጫቱ ይንሳፈፋል። አካፋ ይዤ ወጣሁ። ድንጋዮቹን ማንሳት ስጀምር ጎረቤታችን በነጠላ ጫማ እየሮጡ ደረሱ።

"አንቺ ልጅ፣ የሰው ቦይ ምን አግብቶሽ ነው የምትነካኪው?"

"ጋሼ፣ ወጥ ቤታችን ሐይቅ ሆነ እኮ! ይምጡና ይዩት።"

"አባትሽ ይምጣ። እኔ ካንቺ ጋር አልነጋገርም!"

አካፋውን ሊቀሙኝ አንድ እርምጃ ሲራመዱ ነጠላ ጫማቸው ጭቃው ላይ ከዳቸው። አካፋውን ጥዬ እጄን ሰደድኩ። የካፖርታቸውን እጅጌ ጫፍ ነካሁት እንጂ አልያዝኩትም። ቦዩ ውስጥ በክንዳቸው ላይ ወደቁ። የሆነው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠም ያነሰም ነገር የለውም።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው አባቴ ነበር። ጃንጥላውን እንኳን አላጠፈውም። ከኋላው የጎረቤታችን ምራትና ሌሎች ሰዎች መጡ። ሽማግሌው ጭቃ ውስጥ ተቀምጠው ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አዩና "ገፈተረችኝ!" አሉ። ጭቃ ጣለኝ ማለት አሳፍሯቸው ይመስለኛል። በምራታቸው ፊት እንደ ሕፃን ተዘርጥጠው ነበርና፣ ሰው መጣል አለበት እንጂ ጭቃማ እንዴት ይጥላቸዋል። አባቴን አየሁት። እሱም አየኝና "ግቢ ወደ ቤት" አለኝ።

ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ፤ አልገፈተርኩም ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ በዋስ ወጣሁ። ቤት ስመለስ አባቴ ራት አቅርቦ ጠበቀኝ። በላን። ምን አሉሽ አለኝ፤ ነገርኩት። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተነሥቶ እጁን ታጠበ።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ያው አባቴ ነው። ከእርቁ በፊት በነበረው ምሽት አጠገቤ ተቀመጠና ነገ ድንጋይ ትሸከሚያለሽ አለኝ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ አልገፈተር—"

"እሱን ተይው" አለ ከአፌ ነጥቆ። "አንቺ ታናሽ ነሽ፣ እሱ ታላቅ ነው። ክንዱ ተሰብሯል። ስትንበረከኪ ክሱን ይተዋል፣ እኛም ጉርብትናችን ይመለሳል። ለእኔ ብለሽ።"

ለእኔ ብለሽ ከሚል አባት ጋር ምን ክርክር አለ? በማግስቱ ከጸበኛው ቦይ አንድ ድንጋይ መረጥኩ፤ ጎኑ ላይ ነጭ ሲሚንቶ የተጣበቀበት፣ የሁለት ዳቦ ያህል። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎረቤታችን ደጅ ተንበረከክኩ። ጠጠሩ ጉልበቴን ወጋኝ። ሽማግሌው ደህነኛውን እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን አወረዱልኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። አባቴ ደስ ብሎት ፊቱ ሲበራ አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ድሮ የአባቴ እርቅ ወረቀት አያውቅም፤ ያኔ ግን ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ስለደረሰ ይጻፍ ተባለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የቀድሞ የቀበሌ ጸሐፊ፣ በሚያምር ጽሑፍ ጻፈው። ሳነበው "በመገፍተሬ ላደረስኩት ጉዳት ይቅርታ ጠይቄ" ይላል። ይህ ይውጣልኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጎረቤታችን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። አባቴ ብዕሩን እጄ ላይ አድርጎ "ወረቀት ነው ልጄ፤ ለእሱ ልብ ማሳረፊያ ነው እንጂ ለሌላ ለምንም አይደለም። ፈርሚ" አለኝ። ፈረምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን ያላደረጋችሁትን አደረግን አትበሉ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ፈረምኩ።

አሁን የምነግራችሁን ሰምታችሁ አትስቁ። ያንን ወረቀት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወስዶ የሰጠው አባቴ ነው። ጠዋት ተነሥቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ አድርጎ፣ ከየካ በእግሩ ወርዶ ወሰደላቸው። እሱ የሚያውቀው እርቅ የወረደበት ነገር እንዳለቀ ነው። "ታርቀዋል፣ መዝገቡን ዝጉት" ብሎ ሰጣት። ዐቃቤ ሕጓም ተቀብላ "በጣም ጥሩ አባቴ፣ አመሰግናለሁ" አለችው። ቤት መጥቶ "እንዴት ያለች ሰው አክባሪ ልጅ መሰለችሽ" እያለ ሲያወራ ነው የዋለው።

ጥቅምት ላይ ችሎት ቀረብኩ። ዳኛው ክሱን አንብበው ድርጊቱን ፈጽመሻል ወይ ሲሉኝ አልፈጸምኩም አልኩ። ዐቃቤ ሕጓ ተነሣችና ወረቀቱን አቀረበች። ጎረቤታችን ምስክር ሆነው ቆሙ፤ ክንዳቸው ከጄሶ ወጥቶ ትንሽ ጎብጧል።

"ይቅር ብያታለሁ ጌታዬ" አሉ።

"ምን አድርጋዎት ነው ይቅር ያሏት?" አሉ ዳኛው።

ሽማግሌው ወለሉን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረቻቸው።

"ያው… ወረቀቱ ላይ አለ" አሉ።

ቀጥሎ አባቴ ተጠራ። ወረቀቱ ትክክለኛ ነው? አዎ ጌታዬ። ፊርማው የልጅዎ ነው? አዎ። ተገዳ ነው የፈረመችው? አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየና "ማንም አላስገደዳትም" አለ። የተጠየቀውን መለሰ፤ ወርዶ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ አልገፈተርኩም፣ ወረቀቱ ለእርቅ ነው፣ የእኛ ወግ እንዲህ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ዳኛው ቀና አሉ።

"ለሽማግሌዎች ታምኛለሽ፣ ለፍርድ ቤት ትክጃለሽ። የትኛውን ነው የዋሸሽው?"

ምን ይመለሳል? ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁት ግን ሲመርቁኝ ነው። ይህን ብል ማን ይሰማኛል። ክሱ በእርቅ የሚቋረጥ አይደለም ተባለ። ጥፋቷን ስላላመነች ማቅለያ አይያዝላትም፣ ተጎጂው አዛውንት ናቸው ተባለ። ስድስት ወር። ዳኛውም እኮ የእኛው አገር ሰው ናቸው! አጎታቸውን ወይ አማቻቸውን ታናሽ ነህ ተንበርከክ ሲባል ሳያዩ አላደጉም። ወንበሩ ላይ ሲወጡ ግን የአገራቸውን ወግ እንደማያውቅ ሰው ሆኑ። ወረቀቱን አምነው እኔን አላመኑኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

የሴቶቹ ማረሚያ ቤት ያስገቡኝ በማግስቱ ነው። አዳራሹ ረጅም ነው፤ ተደራራቢ አልጋ በሁለት ረድፍ፣ መሀል ላይ መተላለፊያ። ጠዋት ቆጠራ፣ ማታ ቆጠራ። ከጎኔ የተኛችው ከእንጦጦ ወዲያ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመች ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። ገና ብርድ ልብሴን ስዘረጋ "ምን አደረግሽ?" አለችኝ።

"ሽማግሌ ገፍትረሻል ተብዬ።"

"ገፍትረሻል?"

"አልገፈተርኩም።"

"እሺ" አለች፤ አመነችኝ ማለት ነው። ያለ ምስክር፣ ያለ ወረቀት፣ ፊቴን አንዴ አይታ። "እኔ ግን ገፍትሬያለሁ። ሸክሜን የቀማኝን ዘበኛ ገፍትሬዋለሁ። ነገ ባገኘው እደግመዋለሁ።"

ሳቅኩ፤ ከተፈረደብኝ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ፈረዱብሽ አልኳት። ሦስት ወር አለች፤ ስላመንኩ ቀነሱልኝ። የገፈተረችው ሦስት፣ ያልገፈተርኩት ስድስት። እሷ ራሷ በጣቷ አስባ "አንቺ ሴትዮ፣ ገፍትረሽው ብትመጪ ይሻልሽ ነበር" አለችኝ። ስትፈታ ብርድ ልብሷን ትታልኝ ሄደች።

ኅዳር ላይ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣልኝ። ሰው በመጉዳት የተፈረደበት ሰው ከሕፃናት ጋር መሥራት አይችልም ይላል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ወላጅ ብሆን ልጄን እንዲህ ላለች ሴት አልሰጥም። የተናደድኩት በዚያች ሴት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ባለችው፣ በስሜ በምትጠራው። ልጆቹ ደግሞ ለምን እንደቀረሁ ምን ተብለው ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ።

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፎ። የያዘውን ዳቦ ፈታሿ ቆራርጣ ታያለች፤ ወጡን እሱ ራሱ ቀምሶ ያሳያታል። ከዚያ አጥሩ ጋ ይመጣና ከሌላው ጠያቂ ጋር እየተጋፋ ይጮኻል። ብርድ ልብሱ ይበቃሻል? አዎ። ሳልሽ ለቀቀሽ? አዎ። ወጡ ጨው በዝቶበታል? የለም። ሽንኩርት ከትፎ የማያውቅ ሰው ወጥ መሥራት በኔ ምክንያት ለመደ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ እኔ ግን የፈለግኩት ፍትፍቱንም ፊቱንም አልነበረም። ሁሉን ይጠይቀኛል፣ ያንን ብቻ አይጠይቀኝም። ሊሄድ ሲል ሁልጊዜ የሚላት አንድ ነገር አለች፤ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።" እያደር! አንዱ ወር አደረ፣ ሁለተኛው አደረ፣ ሦስተኛው አደረ። የሚያጠራው ሰው ከሌለ በራሱ ጊዜ የሚጠራ እውነት አላየሁም።

እንዳላመነኝ ቆረጥኩ። ቢያምነኝማ ይጠይቀኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ገፍትራለች ብሎ ስላመነ፣ መልሴን መስማት ፈርቶ ነው አልኩ። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ዳቦው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። የዳኛው ፍርድ ስድስት ወር ነው፣ ያልቃል። የአባቴ ፍርድ ግን መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም ነበር።

አራተኛው ወር ሲሞላ ለአመክሮ ተጠራሁ። ጠባዬ ጥሩ ነው፣ ማንበብ የማይችሉትን አስተምራለሁ፣ የቀረውን ሁለት ወር ሊተዉልኝ ይችላሉ። ቅጹን የያዘችው ሠራተኛ ደግ ነበረች። "እዚህ ጋ በጥፋትሽ መጸጸትሽን በራስሽ ቃል ጻፊ፣ ከዚያ ፈርሚ" አለችኝ።

"ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ልጸጸት?"

"እህቴ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ጻፊና ልጆችሽ ጋ ሂጂ።"

"ልጅ የለኝም። የማስተምራቸውንም ወስዳችሁብኛል።"

ቅጹን ባዶውን መለስኩላት። ቅዳሜ አባቴ መጣ፤ ወሬው ደርሶታል። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለምነኝ አየሁት።

"ፈርሚና ውጪ ልጄ። ወረቀት ነው እኮ።"

"ያኔም ወረቀት ነው ብለኸኝ ነበር!"

ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ በሁለቱም በኩል ያለው ሰው ወደ እኛ ዞረ። አላቆምኩም። "አራት ወር መጣህ። ስለ ጨው ጠየቅከኝ፣ ስለ ሳሌ ጠየቅከኝ። ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር ካለህ ጠይቀኝ። ከሌለህ አትምጣ።"

አባቴ እጁን ከአጥሩ አነሣ። ዳቦውን ለፈታሿ ሰጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥቷል፤ ስሜ ሲጠራ እኔ አልወጣሁም። ዳቦውን ሰው አቀበለኝ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አባቴን በዚያ ዕድሜው በሁለት ታክሲ አመላልሼ ፊት መንሳቴ ያሳፍረኛል፤ ንዴቴ ግን ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው።

ስድስቱን ወር ሙሉ ቆጥሬ ሚያዝያ ላይ ወጣሁ። የምወጣበትን ቀን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ እሱ ግን ቆጥሮታል። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ከሩቅ በራችን ላይ ሰው ቆሟል። ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ጎረቤታችን ከነምራታቸው በራቸው ላይ ናቸው። ስቀርብ ሰዉ ገለል አለ። አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኳል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ አለ፤ ጎኑ ላይ ነጭ ሲሚንቶ የተጣበቀበት።

አባት ለልጁ ድንጋይ ሲሸከም አይቼ አላውቅም። ማንም አላየም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የት እንደሚያዩ ጠፍቷቸዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ድንጋዩን በሁለት እጁ ደግፏል።

"አባዬ፣ ተነሥ።"

"አንሺልኝ" አለ፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

"መጀመሪያ ጠይቀኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ልጄ፣ አባትሽ ናቸው እኮ፣ ሰው ያያል" አለ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

"ምን ብዬ ልጠይቅሽ" አለ አባቴ አንገቱን እንደደፋ። "አይቼሻለሁ እኮ።"

"ምኑን ነው ያየኸው?"

"ከዚህ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ ጃንጥላ ይዤ። እሱን ጭቃ ጣለው። አንቺ አካፋውን ጥለሽ ልትይዢው ነበር እጅሽን የሰደድሽው።"

ሁሉም ሰማ። ጎረቤታችን የጎበጠ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። ስድስት ወር ሙሉ አላመነኝም ብዬ ነበር የተቃጠልኩት። ያላመነኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አይቷል። እያየ አንበረከከኝ፣ እያየ አስፈረመኝ፣ እያየ ችሎት ቆሞ ባርኔጣውን አዞረ።

"ለምን አልተናገርክም?"

"ሽማግሌ ነኛ" አለ። "በእርቅ የገባ ሰው ለአንዱ ወገን አይመሰክርም። ለልጁ አደላ ከተባልኩ ከእንግዲህ ማን እሺ ይለኛል?"

"እኔስ?"

"አንቺማ የኔ ነሽ።"

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ሰው ለሰላም ብሎ የሚሰጠው የራሱን ነው ብሎ ያምናል፤ የራሱ ደግሞ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወዶኝ ነው የሰጠኝ። ይህን ስረዳ ንዴቴ አልበረደም፣ ባሰ። ቢሆንም ክንዱ መንቀጥቀጡን ማየት አልቻልኩምና ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሣሁት። ሰዉ እልል ሊል አፉን ከፈተ። ይቅር ብያለሁ እንድል ሲጠብቁ አላልኩም። ድንጋዩን እንዳቀፍኩ ቆምኩ።

"ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አብረን እንሄዳለን" አልኩት። "ያየኸውን ትናገራለህ። መዝገቡ ተዘግቷል ቢሉህም ትናገራለህ። የሚጽፍልህ ብታጣም ትናገራለህ።"

"ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ እሱ ይደርሳል" አለ የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ። "ደግሞም ሽማግሌ ያየውን—"

"ሽማግሌነቱን ለእናንተ ይተወው" አልኩ። ወደ አባቴ ዞርኩ። "አንተ አባቴ ሁንልኝ።"

አባቴ በአንድ እጁ የበሩን መቃን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። የሱሪውን ጉልበት አራገፈ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ጎረቤታችንን አየ፣ ብዙ ጊዜ ወስዶ እኔን አየኝ።

"ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?" አለ።